ለደጃች የተተወ ረድፍ

እኔ ቀጂ ነበርኩ፤ ሌላ ሙያ የለኝ፤
አምስት መስመር ማስመር ነው እግዜር የቸረኝ።
ጅብ ፈላና በር ላይ ሲያላዝን፣ በኩራዝ ጭላንጭል፣
ሙሴ አርሻግ የጻፈውን ለአራት ስከፋፍል፣
አሥራ ሁለት ክረምት አለፈ፣ ሐረር፣ በደጃች ወንድይራድ ቤት፤
ዓይኔን እዚያ ጣልኩት፤ ጆሮ አተረፍኩበት።

ውሉ እንዲህ ይላል፣ ማኅተም ያረፈበት፦
የሚጽፈው ሁሉ የደጃች ነው ንብረት፤
ለሌላ ቢያሰማው ይቆጠራል ስርቆት።
በወር አሥራ አራት ብር፣ ማሽላ፣ አንድ ገንቦ ማር፣
በዓመት አንድ ካባ፣ አዝራሩ የግቢው፣ በውሰት የሚኖር፣
መብሉ ከባልደራስ ጋር፣ መቀመጫው ከበር።

አራት ሰው ነበሩ። ስታማቲ፣ የቴሌግራፉ ግሪክ፣
በቫዮሊኑም እንደ ሽቦ ነጥብ ሰረዝ የሚልክ፤
ሁለተኛው ዚያድ፣ የመጽሐፍ ጠራዥ ልጅ፣
ሙጫ ሙጫ የሚሸት፣ ትዕግሥት የለመደ እጅ፤
ቫዮላ የያዘው፣ ኋላ የመነነው፣ ስሙን የረሳሁት
(ይቅር ይበለኝ፤ መሐል ላለ ሰው ማን ያበራል መብራት?)፤
ትልቁን፣ ቼሎውን፣ አናጢው ቶሎሳ ከዋንዛ ጠርቦ፣
እንደ ታመመ ጥጃ ይዞት ይቀመጣል በክንዱ ከብቦ።

ደጃች ግን በገና ይወዳሉ።
"እኔም አለሁበት፤ አምስት እንሁን" አሉ።
ጌታ ያለው ይሆናል። እንግዲህ ሙሴ አርሻግ
ሌሊቱን ሙሉ ቆመ፣ እንዴት እንደሚያደርግ፤
የማይሳሳቱበት፣ ደግሞም የማይሰለቹበት፣
ትልቅ የምትመስል፣ አምስት ድምፅ ብቻ ያለባት
ትንሽ ክፍል ጻፈ ሊነጋጋ ሲል ሌት።
እሳቸው ሲስቱ አራቱ አብረው ይስታሉ፤
እንግዶች ያጨበጭባሉ፣ "ይህች ደግሞ ረቂቅ ናት" ይላሉ።

እሑድ በእራት፣ ሥጋ ሲቆረጥ፣ ቢላ ከቢላ ሲፋጭ፣
ቀስ ያለው ክፍል ይፈስሳል፣ ጠጪ የሌለው ምንጭ።
እኔ ብቻ በሩ ሥር፣ ቀለም በጣቴ፣
የሚመጣውን እያወቅሁ፣ ይላወሳል አንጀቴ።

አንድ ቀን ጠየቅሁት፦ "ሙሴ፣ አይቆጭህም?"
ሳቀ፤ ጥርሱ ወርቅ ነው። "ግድግዳ ከሌለ ድምፅ አይመለስም።"
ጀጎልን አሳየኝ፣ ዘርግቶ መዳፉን፣
"አጥሩ ነው ጆሮዬ" አለና ቀጠለ ጽሑፉን።

ጊዜ ዞረ። ደጃች ተሻሩ፤ ግቢው ታሸገ።
ካባውን ሲያስረክብ አንዲት አዝራር ጎደለች፤
ሦስት ቀን ደጅ ጠና፤ ኪሱ ሳይቀር ተፈለገ።
ከዚያ ወደ ድሬዳዋ፣ ቁልቁል በደንገጎ፣
በበቅሎ ወረደ፣ ነጻነቱን
እንደ ሰረቀው ዕቃ በብብቱ ሸሽጎ።

የከዚራ ሙቀት። የለገሃር ጡሩምባ። ማንም አያዝዘው፣
ማንም አይከለክለው፣ ማንም አይጠይቀው።
ለምድር ባቡር ክበብ ዋልስ ያጫውታል፤ ማታ ይመጣል፤
መስኮት ይከፍታል፤ ወረቀቱ ላይ ላቡ ይንጠባጠባል።
ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አልወጣው።
ስታማቲ አገሩ ገባ። ዚያድን ወባ ወሰደው።

ደቻቱን ያየ ያውቃል፤ አሸዋ ነው ዓመቱን ሙሉ፤
አንድ ሌሊት ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን ይመጣል፣ ጠርጎ ድንጋይ ግንዱን ሁሉ።
እንደዚያ መጣበት። ዘጠኝ ሌሊት፣ እህል ሳይበላ
ይጽፋል፤ እቀዳለሁ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ሌላ።

ሲያልቅ አየሁት፤ ረድፉ ከአራት አምስት ሆኗል፤
አምስተኛው ባዶ፤ በግራ ጫፉ "በገና" ይላል።
"ሙሴ፣ ሰውዬው እኮ ሞቱ፤ በግዞት፣ ባለፈው ጥቅምት።"
"አውቃለሁ። የሚሳሳቱበት ቦታ ነው፤ ተውላቸው።
ባዶውን ቅዳው፣ እንዳለ፣ ምንም ሳትጨምርበት።"

ቀዳሁት። ባዶ ነገር መቅዳት ከሁሉ ይከብዳል፤
እጅ ልማድ አለው፤ አንዲት ነጥብ ጣል ማድረግ ያምረዋል።

እስከ ዛሬ ማንም አልተጫወተው። ሣጥኔ ውስጥ አለ፤
ምስጥ ጥጉን በልቶታል፤ ባዶው ረድፍ እንዳለ።
አንዳንድ ሌሊት አወጣዋለሁ፣ መነጽር ሳላደርግ፤
ያ ረድፍ መነጽር አይፈልግ።